ክሪስቶፈር ስትሬቺና የመደመር ምልክት

በዚህ ዓምድ የሕይወት ታሪካቸው የሚጻፍላቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገሥታት፣ የጦር አበጋዞች ወይም ደራስያን ናቸው። ዛሬ የምናቀርበው እንግሊዛዊ ግን ዙፋን አልወረሰም፤ ጦርም አልመራም። የጻፈውን እንኳ አሳምሮ ሳይጨርስ ለማተም ስለማይወድ፣ ከታተመለት ጽሑፍ ይልቅ ሳይታተም ከእጅ ወደ እጅ የዞረው ይበልጥ አስታወቀው። ስሙ ክሪስቶፈር ስትሬቺ ይባላል። በኮምፒዩተር ትምህርት ዘንድ የታወቀ ሰው ነው፤ እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን ስሙን የሰማነው በአጋጣሚ ነው።

አጋጣሚውም እንዲህ ነበር። እኛ ተወልደን ያደግነው አዳማ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን በምንከታተልበት ጊዜ፣ ስሙን ከማንጠቅሰው ከአንድ ስፍራ የወጣ የፈተና ማስታወቂያ በ8፡30 እንድንገኝ ያዝዝ ነበር። እኛም ምሳችንን በልተን፣ ጠጕራችንን አበጥረን፣ ከቀኑ በ8፡30 ከበሩ ስንደርስ ፈተናው ከጠዋቱ በ2፡30 ተሰጥቶ አልቆ ዘበኛው ወንበሮቹን ይደረድር ነበር። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ኖሯል። ቁጥሩ አንድ፣ ትርጕሙ ግን ሁለት ሆነና ያንን ዓመት አስከፈለን። ብዙ ቆይተን ይህን ታሪክ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ለሚማር ለአንድ ያገራችን ልጅ ብናጫውተው እየሳቀ፣ ነገሩ በትምህርቱ ውስጥ ስም እንዳለው፣ ኦቨርሎዲንግ እንደሚባል፣ ይኸውም በአንድ ምልክት ላይ ብዙ ትርጕም ማሸከም እንደ ሆነ፣ ሸክሙንም መጀመሪያ በየወገኑ ለይቶ ያስቀመጠው ስትሬቺ መሆኑን ነገረን። እኛም ሰውየውን ለማወቅ ተነሣን።

ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ስንጽፍ ለይተን እንናገራለን። ይህን ማስታወቅ ለምን ግድ እንደ ሆነ አንባቢ ወደ ኋላ ያገኘዋል።

ክሪስቶፈር ስትሬቺ የተወለደው ኖቬምበር 16 ቀን 1916 በለንደን ከተማ ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 ቀን 1909 ዓ.ም. ማለት ነው፤ የሰገሌ ጦርነት ከተፈጸመ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር። ቤተ ሰቡ የተማረና የተጠራ ነበር። አባቱ ኦሊቨር ስትሬቺ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ጊዜ የጠላትን ምስጢራዊ ጽሑፍ እየፈታ መንግሥቱን ያገለገለ ሰው ነው። እናቱ ሬይ ስትሬቺ የእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ ከታገሉት አንዷ ስትሆን የትግሉንም ታሪክ በመጽሐፍ ጽፋለች። የአባቱ ወንድም ሊተን ስትሬቺ ደግሞ የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ በአጭሩና በምጸት በመጻፍ ስሙ የገነነ ደራሲ ነበር። እኛ የወንድሙን ልጅ ታሪክ እንዲህ በጥድፊያ ስንጽፍ ቢያየን ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ በትምህርቱ ሁሉን እየቀደመ የሚሄድ ይመስላል። ስትሬቺ ግን እንደዚያ አልነበረም። ሆልት በተባለች ከተማ ከሚገኘው ከግሬሻም ትምህርት ቤት ወጥቶ በ1935 ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። መጀመሪያ ሒሳብ ተማረ፤ ኋላም ወደ ፊዚክስ ተዛወረ። በሦስተኛው ዓመት አእምሮው ደክሞት ታመመና ትምህርቱን አቋረጠ። ተመልሶ በ1939 ሲመረቅ ያገኘው ውጤት ሁለተኛ ማዕርግ፣ ያውም የታችኛው ነበር። የምርምር ሰው ለመሆን የነበረው ምኞት በዚሁ ተዘጋ። በፈተና ውጤት ሰሌዳ ፊት ቆመው የሚያውቁ ጓደኞቻችን ይህን ቦታ ቀስ ብለው ያንብቡት። ውጤቱን ያየ ሰው ሁሉ ይህ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪነት ይመለሳል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። እርሱም ራሱ ያሰበ አይመስለንም።

ጦርነቱ ሲመጣ ስታንዳርድ ቴሌፎንስ ኤንድ ኬብልስ በተባለው ኩባንያ ተቀጥሮ ለራዳር የሚያገለግሉ የኤሌክትሮን ቱቦዎችን በሒሳብ ማጥናት ጀመረ። ስሌቱ ረዥምና አሰልቺ ስለ ነበር በጥርስና በዘንግ የሚዞር የሒሳብ መኪና ይጠቀሙ ነበር። ስሌትን ለመኪና አሳልፎ የመስጠት አሳብ ልቡ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ግን ወደ መኪናዎች ሳይሆን ወደ ጥቁር ሰሌዳ ሄደ። በ1945 በካንተርበሪ በሚገኘው በሴንት ኤድመንድ ትምህርት ቤት፣ በ1949 ደግሞ የሀብታምና የመኳንንት ልጆች በሚማሩበት በታወቀው በሃሮው ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ሠላሳ አራተኛ ዓመቱን ሲጨርስ እንግዲህ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብና የፊዚክስ አስተማሪ ነው።

በጃንዩዋሪ 1951 አንድ ወዳጁ በብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ከሚሠራ ሰው ጋር አስተዋወቀው። በዚያም ፓይለት ኤስ የምትባል አዲስ ኮምፒዩተር ነበረች። ስትሬቺ አንድ ቀን ዐይቷት ተመለሰና በትምህርት ቤት ዕረፍቱ ጊዜ ዳማ የምትጫወትበትን ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ዳማ ማለት ያው በየሰፈራችን ጥላ ሥር በቆርኪ የምንጫወተው ጨዋታ ነው፤ ሕጉ ጥቂት ቢለያይም ባሕርዩ አንድ ነው። ፕሮግራሙ ግን ለመኪናይቱ ማስታወሻ በዛ፤ አልቻለችውም። በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ከዚያች የሰፋ ማስታወሻ ያለው የፌራንቲ ኮምፒዩተር መኖሩን ሲሰማ፣ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከጻፈው ከአለን ቱሪንግ ዘንድ መመሪያውን አስመጣ። ቱሪንግን ከኪንግስ ኮሌጅ ያውቀው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ እንደ ተረት ይነገራል። ስትሬቺ አንድ ሺህ መስመር ያህል የሚሆን፣ በዚያን ጊዜ እጅግ ረዥም የተባለ ፕሮግራም ይዞ ማንችስተር ደረሰ፤ ሌሊቱንም ከመኪናው ጋር ብቻውን ተዉት። ሲነጋ ፕሮግራሙ ሠርቶ፣ በመጨረሻም መኪናው በድምፅ ማሰሚያው የእንግሊዝን ብሔራዊ መዝሙር አሰማ። ቢቢሲ በዚያው በ1951 የመኪናውን ዜማ ቀድቶ አስቀርቷል። የዳማው ፕሮግራም በ1952 ክረምት አንድ ሙሉ ጨዋታ እስከ ፍጻሜው መጫወት ቻለ።

በዚያው ዓመት ስትሬቺ ኮምፒዩተሩን የፍቅር ደብዳቤ አስጻፈው። ዘዴው ቀላል ነው፤ የቅጽል፣ የስም፣ የግሥና የተውሳከ ግሥ ዝርዝር ይሰጠውና መኪናው በዕጣ እያወጣ በተዘጋጀ የዐረፍተ ነገር ቅርጽ ውስጥ ይሰካዋል። ደብዳቤዎቹ በማንችስተር ኮምፒዩተር ስም ተፈርመው በላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ ይለጠፉ ነበር። አንዳንድ ወዳጆቻችን ከዚህ የተሻለ ዘዴ ሳይጠቀሙ ደብዳቤ እንደሚጽፉ እናውቃለን፤ ስም ግን አንጠራም።

አንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ ይህን ያህል መሥራቱ ተሰምቶ በ1952 የብሔራዊ ምርምር ልማት ኮርፖሬሽን በቴክኒክ ሹምነት ቀጠረው። በዚያው ዓመት ወደ ካናዳ ሄዶ ለቅዱስ ሎውረንስ ወንዝ የመርከብ መንገድ ሥራ የሚያስፈልገውን የውኃ ስሌት በቶሮንቶ ኮምፒዩተር ሠራ። ፔጋሰስ የተባለውንም ኮምፒዩተር በመንደፍ ዋና ድርሻ ነበረው። በ1959 በፓሪስ ዩኔስኮ ባዘጋጀው ጉባኤ፣ አንድ ፈጣን ኮምፒዩተር ጊዜውን ከፋፍሎ ብዙ ሥራ በአንድነት እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረበ። ከዚያም ሥራውን ትቶ በግል አማካሪነት ኖረ፤ ፒተር ላንዲን የሚባል ወጣት ረዳትም ቀጠረ። ላንዲን በኮምፒዩተር ቋንቋዎችና አሎንዞ ቸርች በ1930ዎቹ ባወጣው ላምዳ ካልኩለስ በሚባለው የሒሳብ ሥርዓት መካከል ያለውን ዝምድና ያሳየው በዚህ ዘመን ነው። ፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ የሚባለው፣ ፕሮግራምን እንደ ትእዛዝ ክምር ሳይሆን እንደ ሒሳብ ፋንክሽን አድርጎ የሚጽፈው ትምህርት አንዱ ምንጩ ከዚህ ቤት ነው።

ከ1962 ጀምሮ ስትሬቺ በካምብሪጅ ነበር። የካምብሪጅና የለንደን ዩኒቨርሲቲዎች ተባብረው ሲፒኤል የሚባል ቋንቋ ሲነድፉ ዋናው አንቀሳቃሽ እርሱ ስለ ነበር፣ ባልደረቦቹ የመጀመሪያዋን ፊደል በእርሱ ስም እየተረጐሙ ይቀልዱ ነበር። ቋንቋው እጅግ ሰፊ ሆኖ ታሰበና ሙሉ በሙሉ በመኪና ላይ ሳይሠራ ቀረ። ይህ ውድቀት ነው ቢባል አይካድም። ነገር ግን ማርቲን ሪቻርድስ በ1967 ከሲፒኤል ቀንሶ ቢሲፒኤል የሚባለውን አወጣ፤ ከዚያም ኬን ቶምሰን ቢ የተባለውን፣ ዴኒስ ሪቺም ከእርሱ ሲ የተባለውን ቋንቋ አወጡ። ዛሬ በአዳማ ሆነ በሌላ ስፍራ በሲ ቋንቋ የመደመር ምልክት የሚጽፍ ተማሪ ሳያውቀው ካልተጠናቀቀው ከስትሬቺ ሥራ ይቀዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በኦገስት 1967 ስትሬቺ በኮፐንሃገን በተደረገ የክረምት ትምህርት ላይ ስለ ፕሮግራም ቋንቋዎች መሠረታዊ አሳቦች አስተማረ። ከዚያ በፊት ብዙ ሰው የተለማመዳቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያነሣ ምን ማለት እንደ ሆኑ ጠየቀ። ከጠየቃቸውም አንዱ የመደመር ምልክት ነው።

ነገሩን ከመቂ ገበያ ብንጀምረው ይቀላል። የመቂና የባቱ አገር በሽንኩርቱና በቲማቲሙ የታወቀ ነው። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ በማስታወሻው ላይ 8 + 6 ብሎ ቢጽፍ፣ ነገሩ ኩንታል ከሆነ መልሱ 14 ነው። መኪናው ከቀኑ በ8 ሰዓት ተነሥቶ 6 ሰዓት ይጓዛል ማለቱ ከሆነ ግን የሚደርሰው ከምሽቱ በ2 ሰዓት እንጂ በ14 ሰዓት አይደለም። የቀን ሒሳብም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ነሐሴ 28 ላይ 5 ቀን ሲደመር ነሐሴ 33 የሚባል ቀን ስለሌለ ጳጕሜን 3 ይሆናል። ምልክቱ ያው አንድ መስቀል ነው፤ ሥራው ግን ሦስት ልዩ ልዩ ሥራ ነው። ነጋዴው የማይሳሳተው የሚደምረው ነገር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥም ሙሉ ቁጥርና ባለ ነጥብ ቁጥር አቀማመጣቸው ስለሚለያይ፣ የሚደመሩበትም መንገድ ለየብቻ ነው፤ የሚጻፈው ምልክት ግን አንድ ነው።

አሁን ደግሞ በዚያው ገበያ ጆንያ የሚያራግፈውን ወዛደር እንመልከት። ከመኪናው ስንት ጆንያ እንደ ወረደ ቍጠር ቢሉት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቈጥራል። በውስጡ ሽንኩርት ይሁን ጤፍ፣ ቦሎቄ ይሁን ከሰል አይጠይቅም፤ አፉንም አይፈታም። የእርሱ ሕግ ለሁሉም አንድ ነው፤ ነገ ስሙን ሰምተን የማናውቀው እህል ቢመጣም ያው ሕግ ይሠራል።

ስትሬቺ እነዚህን ሁለቱን ለያቸው። አንድ ስም ለብዙ ዓይነት ነገር ማገልገሉን በጠቅላላው ፖሊሞርፊዝም አለውና፣ የወዛደሩን ዓይነት ፓራሜትሪክ፣ የነጋዴውን ዓይነት ደግሞ በላቲን ቃል አድ ሆክ ብሎ ሰየመው፤ ትርጕሙም ለዚያው ለአንዱ ጉዳይ ብቻ የተበጀ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥርዓት አለው፤ ከአንድ ሕግ ይወጣል። ሁለተኛው ግን ጉዳዩ በመጣ ቍጥር የሚጨመር ሕግ እንጂ አጠቃላይ ሥርዓት የለውም። ይህን ከተናገረ በኋላ ስትሬቺ ወደሚወደው ወደ መጀመሪያው አዘነበለ፤ ሁለተኛውን በጥቂት መስመር አልፎታል። በእኛ አስተያየት እዚህ ላይ የሒሳብ ሰው አድልዎ ይታይበታል። ሥርዓት የሌለውን ነገር ሥርዓት የለውም ብሎ በግልጽ መሰየሙ ግን ያስመሰግነዋል፤ በኋላ የመጡት ሰዎች ችግሩን ያገኙት በዚሁ ስም ነውና።

ለእኛ ለቋንቋ ተማሪዎች አድ ሆክ የተባለው ነገር ከቤታችን የራቀ አይደለም። ከአዳማ መናኸሪያ ቁሞ አንድ ሰዓት ያህል የሚያዳምጥ ሰው ትኬት ሲቈረጥ፣ ከሥጋ ቤቱ ሥጋ ሲቈረጥ፣ በነጋዴዎቹ መካከል ዋጋ ሲቈረጥ፣ በሽማግሌዎቹ የሠርግ ቀን ሲቈረጥ፣ መኪና ላጣውም መንገደኛ ተስፋ ሲቈረጥ ይሰማል። ግሡ አንድ ነው፤ ቢላዋ የሚያስፈልገው ግን ለአንዱ ብቻ ነው። የትኛው መቍረጥ እንደ ሆነ የሚነግረን ከፊቱ ያለው ስም ነው። ባቱ የሚለውም ስም እንዲሁ ነው፤ ከመቂ የተሳፈረ ሰው በሐይቁ ዳር ያለችውን ከተማ ይረዳበታል፤ ከባሌ የመጣ ግን ተራራውን። አዳማና ናዝሬት መባሉ ግን ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ ያ ለአንድ ከተማ ሁለት ስም ነው፤ የእኛ ነገር ለሁለት ነገር አንድ ስም ነው።

ሰው በዚህ አይቸገርም፤ መኪና ግን ይቸገራል። አንድ ቁጥር ወስዶ በራሱ የሚያባዛ ፋንክሽን እንጻፍ ብንል፣ ማባዛት ለሙሉ ቁጥርና ለባለ ነጥብ ቁጥር ልዩ ልዩ ከሆነ፣ የእኛ ፋንክሽን ከየትኛው ወገን ነው? ለየዓይነቱ ደጋግመን እንጻፈው? በስትሬቺ ዘመንም ከእርሱም በኋላ የመጡት ቋንቋዎች በዚህ ላይ ልዩ ልዩ መንገድ ያዙ። ስታንዳርድ ኤምኤል የመደመር ምልክትን ለተወሰኑ ዓይነቶች ብቻ ፈቀደ። ሚራንዳ የሚባለው ቋንቋ አንድ የቁጥር ዓይነት ብቻ በመያዝ ከጣጣው ሸሸ። ኦካምል ደግሞ ለባለ ነጥብ ቁጥር ነጥብ የተጨመረበት ሌላ የመደመር ምልክት አበጀ፤ ለየጉዳዩ የተለየ ስም ማውጣት ማለት ነው። ሁሉም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ነጋዴውን ከወዛደሩ ጋር አላስታረቁም።

ስትሬቺ ግን ዕርቁን ሳያይ ሞተ። ከካምብሪጅ ተነሥቶ ኦክስፎርድ ገብቶ የፕሮግራሚንግ ምርምር ቡድን የተባለውን አቋቋመ። ያ በ1939 በሁለተኛ ማዕርግ፣ ያውም በታችኛው፣ የተመረቀው ልጅ በ1971 የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1969 መከር ዳና ስኮት የተባለው አሜሪካዊ ሎጂሺያን ወደ እርሱ መጥቶ ለአንድ የትምህርት ወራት አብረው ሠሩ። መጀመሪያ ስኮት ስትሬቺ የሚጠቀምበት ላምዳ ካልኩለስ በሒሳብ መሠረት ያልቆመ ነው እያለ ይከራከረው ነበር፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን መሠረቱን ያገኘለት ራሱ ስኮት ሆነ። ከዚህ ክርክር የወጣው ትምህርት የአንድን ፕሮግራም ትርጕም፣ መኪናው ላይ ሳይሠራ፣ በሒሳብ ብቻ ለመናገር የሚያስችል ነው። በአካዳሚ ሰዎች መካከል ክርክር እንዲህ ባለ ፍሬ ሲያልቅ ብዙ ጊዜ አይታይም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ስትሬቺ ከተማሪው ከሮበርት ሚልን ጋር ለአዳምስ ሽልማት ውድድር አንድ ትልቅ ድርሰት ጻፈ። ሽልማቱን አላገኙም። ድርሰቱን መጽሐፍ ለማድረግ ሲያስተካክሉ በጉበት በሽታ ታመመና ሜይ 18 ቀን 1975፣ በ58 ዓመቱ፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ዐረፈ። መጽሐፉን ሚልን ጨርሶ በ1976 አሳተመው።

እዚህ ላይ ከመጀመሪያው ያስጠነቀቅነው ነገር ይመጣል። የኮፐንሃገኑ ትምህርት የተሰጠው በ1967 ነው። ስትሬቺ የሞተበት ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲጻፍ ደግሞ ግንቦት 10 ቀን 1967 ዓ.ም. ይሆናል። በአዳማ የሚኖር አንድ ሰው የዓመቱን ቁጥር ብቻ ይዞ ቢያነብ፣ ሰውየው ባስተማረበት ዓመት የሞተ ይመስለው ነበር። በመካከሉ ያለው ስምንት ዓመት የጠፋው ቁጥሩ ዓይነቱን ሳይናገር ስለ ተጻፈ ነው፤ የእኛ የፈተና ቀን እንደ ጠፋ ማለት ነው።

ዕርቁ የመጣው ከሞተ ከ14 ዓመት በኋላ ነው። ከ1987 ጀምሮ የፋንክሽናል ፕሮግራሚንግ ሊቃውንት የጋራ ቋንቋ ለማበጀት ተሰብስበው ነበር፤ ቋንቋውንም በ1982 በሞተው በአሜሪካዊው ሎጂሺያን በሃስክል ከሪ ስም ሃስክል አሉት። በዚህ ጊዜ የመደመርና የእኩልነት ምልክት ነገር እንደ ገና ተነሣ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሆኑት ፊሊፕ ዋድለርና ስቲቨን ብሎት በ1989 በቴክሳስ አውስቲን በተደረገ ጉባኤ ላይ መፍትሔውን አቀረቡ። የጽሑፋቸውም ርእስ የስትሬቺን አድ ሆክ የተባለ ቃል ይዞ፣ ያንን አድ ሆክነት የመቀነስን መንገድ የሚናገር ነው። መፍትሔው ታይፕ ክላስ ይባላል፤ እኛ የዓይነቶች ማኅበር ብንለው አንሳሳትም።

ማኅበሩ እንደ ማንኛውም ማኅበር ደንብ አለው። የሚደመሩ ነገሮች ማኅበር አባል መሆን የሚፈልግ ዓይነት ሁሉ፣ እኔ የምደመረው እንዲህ ነው፣ የምባዛውም እንዲህ ነው ብሎ የራሱን መንገድ ማስመዝገብ አለበት። ሙሉ ቁጥር የራሱን ያስመዘግባል፤ ባለ ነጥብ ቁጥርም የራሱን። ለእኩልነትም ሌላ ማኅበር አለ፤ በዚያ የሚገባው ሁለቱ መቼ እኩል እንደ ሆኑ መናገር የሚችል ብቻ ነው። ፋንክሽኖች በተለምዶ አይገቡበትም፤ ሁለት አሠራሮች ለሚሰጣቸው ነገር ሁሉ አንድ መልስ ይሰጡ እንደ ሆነ በጠቅላላ የሚያረጋግጥ መንገድ የለምና። ከዚህ በኋላ ያ በራሱ የሚያባዛው ፋንክሽን አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል፤ የሚሠራውም ለማናቸውም የማኅበሩ አባል ነው። አባል ያልሆነ ነገር የተሰጠው እንደ ሆነ መኪናው ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ስሕተቱን ይናገራል።

ውስጣዊ አሠራሩ ደግሞ የሞጆን ደረቅ ወደብ ያስታውሰናል። ኮንቴነሩ ሲደርስ ሠራተኛው ከፍቶ አያይም፤ አብሮት የመጣውን ወረቀት አይቶ እንዴት እንደሚያዝ ያውቃል። ዋድለርና ብሎትም እንዲሁ አደረጉ። ፕሮግራሙን የሚተረጕመው ኮምፓይለር ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ፋንክሽን፣ ጸሓፊው ሳያየው፣ የዚያ ዓይነት የመደመርና የማባዛት መንገዶች የተዘረዘሩበትን መዝገብ ጨምሮ ይልክለታል። ፋንክሽኑ ራሱ እንደ ወዛደሩ ነው፤ የጆንያውን አፍ አይፈታም። የነጋዴውን ዕውቀት የያዘው ወረቀቱ ነው። ስትሬቺ በሁለት ክፍል የለያያቸው ነገሮች በዚህ ተገናኙ፤ አድ ሆክ የተባለው ፓራሜትሪክ በተባለው ላይ አንድ ወረቀት ጨምሮ የሚሠራ ሆነ።

ሃስክል በ1990 የመጀመሪያ መግለጫው ወጣ። አሳቡም ከእርሱ አልፎ፣ ረስት በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ትሬት በሚል ስም፣ በሌሎችም ውስጥ በየስማቸው ገብቷል። ያ በአዳማ የሚማረው ወዳጃችን በዕረፍቱ ጊዜ በሃስክል የኢትዮጵያን ሰዓት አንድ ዓይነት አድርጎ የመደመሪያ መንገዱን አስመዘገበለት፤ 8 ላይ 6 ሲደመር 2 ይላል። ቀጥሎ የኢትዮጵያን ቀን ሲያስመዘግብ ግን ጳጕሜን አንዳንድ ዓመት አምስት፣ አንዳንድ ዓመት ስድስት መሆኗ አስቸግሮት ሁለት ሌሊት አጠፋ። ዓመቱን አብሮ ካልያዘ ቀን ብቻውን ሊደመር እንደማይችል የተረዳው በሦስተኛው ሌሊት ነው።

የኮፐንሃገኑ ጽሑፍ የጉባኤው መጽሐፍ ሳይወጣ በመቅረቱ፣ ልክ እንደዚህ መጽሔታችን እየተባዛ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። ዋድለርና ብሎት ከርእሳቸው ጀምረው የተመረኮዙት በዚሁ ባልታተመው ጽሑፍ ላይ ነው። በመጽሔት ላይ በወጉ የታተመው በ2000 ሲሆን፣ ይህም ትምህርቱ ከተሰጠ ከ33፣ አስተማሪው ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው።